የደጃችን መንገድ የማን ነው? ከመቅደላ ጎዳና እስከ ሰፈራችን ቦይ



ክረምት ሊገባ ሲል በየስብሰባችን ሳይነሳ የማይቀር ጥያቄ አለ። የሰፈሩ ቦይ በአመድና በፌስታል ተደፍኗል፤ ማን ይክፈተው? አንዷ «ታዲያ ግብር የምንከፍለው ለምኑ ነው? ማዘጋጃ ቤት ይጥረገው» ትላለች። ሌላዋ «ጎርፉ የሚገባው እኔ ቤት ነው፤ ማዘጋጃ ቤት እስኪመጣ ልጆቼን የት ላድርጋቸው?» ትላለች። ሁለቱም ልክ ናቸው። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ እንጂ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ሆኖም ጥያቄው ዛሬ የተጀመረ ስላልሆነ፣ ከኛ በፊት የነበሩት መንገድን በምን ዓይነት ውል ሲሠሩ እንደኖሩ ማየት ይጠቅመናል ብዬ ይህን ጽፌአለሁ። በአገራችን የነዋሪው ጉልበት ያልገባበት መንገድ ጥቂት ነው። ከዘመን ዘመን የሚለያየው ግን ያ ጉልበት በማን ትእዛዝ እንደወጣ፣ በማን መዝገብ እንደተጻፈና የሴቶቹ ድርሻ ተቆጥሮ እንደሆነ ነው።

ከእኛው ከወሎ ልጀምር። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከደብረ ታቦር ተነስተው ወደ መቅደላ ሲጓዙ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ይዘው ነበር። መድፉ ሰባት ቶን ያህል ይመዝን ነበር። በእኛ አነጋገር 70 ኩንታል ነው፤ የአንድ አይሱዙ ሙሉ ጭነት ማለት ነው። ይህን የሚያሳልፍ መንገድ ስላልነበረ መንገዱን እየሠሩ መሄድ ግድ ሆነ። ከጋይንት ወደ ዋድላ፣ ከዋድላ ወደ ጅዳ ገደል፣ ከዚያ ወደ ደላንታ ወጥቶ እንደገና ወደ በሽሎ መውረድ ነበረበት። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በማለዳ እየተነሱ ድንጋይ ይፈነቅሉ እንደነበር በቦታው የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል። ጉዞው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ፈጀ። ዛሬ በመኪና በአንድ ቀን የሚያልቅ ነው።

ስለዚህ መንገድ ሲነገር የሚጠቀሰው ንጉሡ፣ መድፉና ወታደሩ ነው። ነገር ግን የዚያ ዘመን ጦር ያለ ሴቶች አይንቀሳቀስም ነበር። እህል የምትፈጨው፣ እንጀራ የምትጋግረው፣ ውሃ የምትቀዳው፣ ስንቅ በጀርባዋ የምትሸከመው ሴት ነበረች። ድንጋይ ሲፈነቅል የዋለው ሰው ማታ የሚበላው ከእርሷ እጅ ነው። የመንገዱ ወጪ ይሰላ ቢባል ይህ የት ይገባል? የሚገርመው ደግሞ ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣው የእንግሊዝ ጦር ዋድላ ላይ ሲደርስ ይህንኑ መንገድ አግኝቶ በእርሱ መውረዱ ነው። መንገድ ለሠራው ብቻ አያገለግልም።

በሰላሙም ጊዜ ቢሆን ገባሩ ከግብር ሌላ በጉልበቱ ያገለግል ነበር። አጥር ያጥራል፣ ቤት ይሠራል፣ ዕቃ ይሸከማል፤ ሚስቱም ለባለጉልቱ እህል ትፈጫለች። የዚህ ሥራ ትእዛዝ ከላይ ይመጣል፤ ሠሪው ስንት ቀን እንደሠራ የሚጽፍለት የለም።

ከዚህ ጎን ለጎን ሌላ ዓይነት ውል ነበረ፤ እስከ ዛሬም አለ። ደቦ፣ ወንፈል፣ ጅጌ የምንለው ነው። ወሎ ውስጥ ደግሞ ቅሬ አለ። ሌላ አገር እድር የሚሉትን እኛ ቅሬ እንላለን፤ ከቀብርም አልፎ ሰፈሩን የሚያስተዳድር፣ ሥራ የሚያወጣ፣ የቀረውን የሚቀጣ ነው። የራያ ገበሬም ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሽላው ማሳ ሲያስገባ የኖረው በተመሳሳይ ስምምነት ነው። ቦዩን አብሮ የቆፈረና የጠረገ የውሃ ተራ ይደርሰዋል፤ ያልመጣ ይቀጣል ወይም ተራው ያልፈዋል። ምዕራቡ ተራራ፣ ምሥራቁ የዞብል ሰንሰለት፣ እኛ መሐል ሜዳ ላይ ነን። ውሃውን ሁሉም በየበኩሉ ልቆጣጠረው ቢል እንደማይሆን አባቶቻችን ያወቁት ከማዘጋጃ ቤት ብዙ ዘመን በፊት ነው። ቅሬ መዝገብ አለው፤ ሒሳቡ በአባላቱ ፊት ይነበባል። ብዙውን ጊዜ ግን መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው የአባወራው ስም ነው። ሴቷ ስሟ የሚጻፈው ባሏ ሲሞት ነው።

ቆቦን አቋርጦ የሚያልፈው ዋና መንገድ የመጣው ከጣልያን ወረራ ጋር ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ጣልያኖች አሥመራንና አዲስ አበባን በደሴ በኩል የሚያገናኝ መንገድ ሠሩ። ከአላማጣ ወደ ኮረም የሚወጣው የግራ ካሕሱ ጠመዝማዛና ወደ አዲስ አበባ ሲቀርቡ የሚገኘው የጣርማ በር ዋሻ የዚያ ሥራ ክፍሎች ናቸው። የመጀመሪያ ዓላማው ሠራዊትና ስንቅ ማመላለስ ነበር። እንደ እውነቱ ከሆነ ለቆቦ ገበያ ትልቅ በር ከፍቷል። ይሁን እንጂ ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ ሰፈር ለሚገባው መንገድ ማንም አላሰበም።

ነፃነት ከተመለሰ በኋላ ሁለት ነገሮች ተከተሉ፤ የዛሬው ግራ መጋባታችንም የመነጨው ከዚያ ይመስለኛል። በ1937 ዓ.ም. የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ወጣ፤ የከተማ ውስጥ መንገድ፣ መብራት፣ ውሃና ጽዳት የማዘጋጃ ቤት ሥራ ሆነ። በ1943 ዓ.ም. ደግሞ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ መንገዶች 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ሁለት ባለቤት አገኘ። ዋናው አስፋልት የአገር ነው፤ ባለሙያ፣ ማሽንና በጀት አለው። የውስጥ መንገዱ የከተማ ነው፤ ያለው ከተማዋ ራሷ የምትሰበስበው ነው። ከቤታችን ደጃፍ እስከ ውስጥ መንገዱ ያለችው ቁራጭና አጠገቧ ያለችው ቦይ ደግሞ ወረቀት ላይ የከተማዋ፣ በተግባር የማንም አይደለችም። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድ ሲቋቋም ከነዳጅ ላይ የሚሰበሰበው ገንዘብ ተከፋፈለ፤ ሲጀመር ለከተሞች የተመደበው ከመቶ 10 ነበር። ይህ ለአገሪቱ ከተሞች ሁሉ ነው። ወደ እኛ ሰፈር ቦይ ሲደርስ ስንት እንደሚሆን ለመገመት የሒሳብ ሠራተኛ መሆን አያስፈልግም።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ የዚህ መለያየት ዋጋ ታየ። የወሎ ረሃብተኛ ከየገጠሩ ወደ ዋናው መንገድ ወርዶ በመንገዱ ዳርና ዳር ቆሞ መኪና እያስቆመ እርዳታ ይለምን ነበር። ሰው ወደ አስፋልቱ የሄደው እህል ወደ እርሱ የሚደርስበት መንገድ ስላልነበረው ነው። በ1977ቱም ረሃብ ቆቦ፣ አላማጣና ኮረም የእርዳታ ጣቢያ የሆኑት በዚያው መንገድ ላይ ስለሚገኙ ነው።

አሁን ሒሳቡ ወደሚጣፍጥበት ዘመን ደረስን። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን ታወጀ። ይህን አዋጅ ሰው የሚያስታውሰው ቤት በመውረሱ ነው። እኔን የሚስበኝ ግን ቀበሌን ያቋቋመው ክፍል ነው። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር በየቀበሌው ተቋቁሞ፣ ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶችን ኪራይ እንዲሰበስብ ሥልጣን ተሰጠው። የሰበሰበውንም ገንዘብ አነስተኛ ዋጋ ያላቸው ቤቶች ለመሥራትና የነዋሪውን ኑሮ ለማሻሻል እንዲያውለው ተደነገገ። ለአካባቢው መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና ገበያ ከመንግሥት ጋር ተባብሮ ማቋቋምም ከተግባሮቹ ውስጥ ተቆጠረ። እስቲ አስቡት፤ ገንዘቡ ከሰፈሩ ይሰበሰባል፣ እዚያው ይቀመጣል፣ መንገዱም እዚያው ነው። የሚሰበስበውንና የሚያወጣውን ሰው ነዋሪው በስሙ ያውቀዋል። በወረቀት ደረጃ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ለሰፈር መንገድ ከዚህ የተሻለ አደረጃጀት አላየሁም።

በተግባር ግን ቀበሌው ሌላም ሆነ። ስኳር የሚታደለው በቀበሌ ሱቅ ነው፤ የመታወቂያ ወረቀት የሚሰጠው፣ ጥበቃ የሚያስወጣው፣ የሚከሰውና የሚፈርደውም ቀበሌ ነው። ለጽዳት ዘመቻ ውጡ የሚለውም ያው ቀበሌ ነው። ስኳርና መጥረጊያ ከአንድ መስኮት ሲመጡ «ዛሬ አይመቸኝም» ማለት አይቻልም። በ1972 ዓ.ም. የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር፣ አኢሴማ፣ ከተቋቋመ በኋላ ሴቶችን ለዘመቻ ማስወጣቱ ይበልጥ የተደራጀ ሆነ። ሴቶች መንገድ ጠርገዋል፣ ችግኝ ተክለዋል፣ ለዘማች ስንቅ አዘጋጅተዋል። ያ ሥርዓት ሲወድቅ ሕዝቡ ከዘመቻው ጋር አብሮ ሥራውንም ጠላው። «በነፃ ጉልበት» ሲባል ዛሬም የሚኮሳተሩ እናቶች ያሉት ለዚህ ይመስለኛል፤ አልፈርድባቸውም።

ለጉልበት ክፍያ የመጣው ከረሃብ ጋር ነው። ምግብ ለሥራ በሚባለው አሠራር እርከን የሠራ፣ መንገድ የጠረገ፣ ኩሬ የቆፈረ ሰው በቀን 3 ኪሎ ስንዴና ጥቂት ዘይት ይሰጠው ነበር። በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት ሲጀመር ደንቡ በግልጽ ተጻፈ። አንድ የቤተሰብ አባል በወር አምስት ቀን፣ በዓመት ስድስት ወር ይሠራለታል፤ ለአንድ ቀን 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ይከፈላል። ራያ ቆቦም ከታቀፉት ወረዳዎች አንዱ ነው። በገጠሩ ያሉት ብዙ እርከኖችና መጋቢ መንገዶች በዚህ የተሠሩ ናቸው።

«ይሠራለታል» ያልሁት ሆን ብዬ ነው። ሦስት ትንንሽ ልጆች ያሏትን ባል የሌላትን እናት እናስብ። ቤተሰቡ አራት ሰው ነው። አራት ሰው በአምስት ቀን ሲባዛ በወር 20 የሥራ ቀን ይሆናል። ክፍያው 120 ብር ወይም 60 ኪሎ እህል ነው። ልጆቹ ድንጋይ አይሸከሙም፤ ስለዚህ 20ውንም ቀን የምትሠራው እርሷ ናት። ከዚያ ላይ ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ መጋገር አለ። በሌላ በኩል ሁለት ጎልማሳ ወንዶች ልጆች ያሉት ቤት ያንኑ 20 ቀን ለብዙ ትከሻ ያከፋፍለዋል። በክፍያ መዝገቡ ላይ ሁለቱ ቤቶች እኩል ናቸው፤ ድካሙ ግን የትየለሌ ይራራቃል። እርጉዞችና አራሶች ያለ ሥራ እንዲከፈላቸው ከመጀመሪያው ታስቦ ነበር። በኋላም አንድ ሰው በወር ከ15 ቀን በላይ እንዳይሠራ ጣሪያ ተደረገ፤ የሴቶች የሥራ ሰዓትም ከወንዶች በግማሽ እንዲያንስ በመመሪያ ተጻፈ። እነዚህ ማሻሻያዎች የመጡት ቁጥሩ በመኖሩ ነው። የቀን መቆጣጠሪያና የክፍያ ወረቀት ባይኖር ኖሮ የዚያች እናት 20 ቀን እንደ መቅደላዋ እንጀራ ጋጋሪ ሳይታወቅ ይቀር ነበር።

ከዚህ ሌላ በየዓመቱ ከጥር ወር ጀምሮ በተፋሰስ ልማት ዘመቻ የሚወጣ ያልተከፈለ ጉልበት አለ። ኮብልስቶን ከድሬዳዋ ተነስቶ ወደ ብዙ ከተሞች ሲስፋፋም ነዋሪው በገንዘብ ተካፍሏል። በደሴና በሌሎች አሥር ከተሞች በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት ደግሞ መንገድ መጥረግንና ቦይ መክፈትን የሚከፈልበት ሥራ አድርጎታል። ጎዳና ስትጠርግ የምናያት እናት ለዘመናት በነፃ ስትሠራው የኖረችውን ነው በደመወዝ የምትሠራው። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ስሟ ግን ተጽፏል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1555 በወጣ ሕግ እያንዳንዱ አጥቢያ በዓመት አራት ቀን መንገዱን እንዲሠራ ታዘዘ፤ በ1563 ስድስት ቀን ሆነ። እስከ 1835 ድረስ፣ ለ280 ዓመት ቆይቶ በመንገድ ግብር ተተካ። በመሐሉ ገንዘብ ያለው ከፍሎ ይቀራል፣ ድኻው ይወጣል፣ የወጣውም ጊዜውን ቆሞ ያሳልፋል የሚል ቅሬታ አላረፈም ነበር። በዘመናችን ሩዋንዳ ኡሙጋንዳ የሚሉት አላት። በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት ከ18 እስከ 65 ዓመት ያለ ሁሉ ወጥቶ ሰፈሩን ያለማል፤ የቀረ ይቀጣል። ግዴታነቱን አልወደድሁትም። ነገር ግን ከሥራው በኋላ ሰፈሩ እዚያው ተቀምጦ ስለ ጉዳዩ መነጋገሩ የሚቀዳ ነው። እኛ ዘንድ አካፋው ከተሰበሰበ ሰውም ይበተናል።

ወደ ቦያችን ልመለስ። ሕጉ ምን ይላል ለሚሉ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መንገድንና ጎዳናን ለሕዝብ አገልግሎት ከዋሉ ንብረቶች ይቆጥራቸዋል። ስለዚህ ደጄ ነው ብሎ አጥር መግፋትም ሆነ የግንባታ አፈር መድፋት አይቻልም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ደግሞ ቆሻሻን የማንሳት አደረጃጀቱን ለከተማ አስተዳደር፣ ለይቶ የማስቀመጡን ኃላፊነት ለቤተሰብ ሰጥቶ፣ መንገድ ላይና ውሃ መውረጃ ውስጥ መጣልን ከልክሎ ነበር። ውፍረታቸው 0.03 ሚሊሜትር እና ከዚያ በታች የሆኑ ፌስታሎችም እንዳይመረቱና እንዳይገቡ ከልክሏል። ከዚያ ወዲህ ያሳለፍናቸውን ክረምቶች ቦያችን ውስጥ ያለው ፌስታል ይመስክር። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲስ አዋጅ ፌስታልን ጨርሶ ወደ መከልከል ሄዷል። ይህ ለዘንቢልና ለጨርቅ ቦርሳ ሠሪ አባሎቻችን ገበያ ነው፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚገባው እዚህ አላስፋፋውም።

እንግዲህ የከተማው ድርሻ ገረጋንቲውና ቱቦው፣ ትልቁ መውረጃና ቆሻሻ የሚያነሳው መኪና ነው። ይህን በነዋሪው ትከሻ ላይ መጫን ተገቢ አይደለም፤ «ሕዝቡ ራሱ ያልማ» የሚለው ቃል የበጀት መሸሸጊያ ሲሆን ዝም ማለት የለብንም። የእኛ ድርሻ ደጃፋችንን መጥረግ፣ አመዱን ቦይ ውስጥ አለመድፋት፣ ከግንቦት በፊት የደጃችንን ቦይ መክፈት ነው። መሐል ላይ ያለው፣ ማለትም የጋራ ቦይ ሲቆፈርና ድንጋይ ሲነጠፍ የሚጠየቀው መዋጮ ነው የሚያነታርከን። እዚህ ላይ ተከራይና ባለቤት እኩል ይክፈሉ የሚለውን አልቀበልም። መንገዱ ሲሠራ የቤቱ ዋጋ ይጨምራል፤ የባለቤቱ ነው። ተከራይዋ በሚቀጥለው ዓመት ኪራይ ተጨምሮባት ልትወጣ ትችላለች። በጉልበት ትሳተፍ፣ በገንዘብ ባለቤቱ ይክፈል።

ጉልበቱም ይመዝገብ። በመንግሥት ንብረት አያያዝ ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 ይቆረጣል። አንድ ዶማ ሁለት ወረቀት አለው። በዶማው የቆፈረችው ሴት አንድም የላትም። ለጋሾቻችን በየሪፖርቱ የማኅበረሰቡ ድርሻ ስንት ነው ብለው ይጠይቁናል፤ እኛም የምንጽፈው በጥሬ ገንዘብ ያዋጣነውን ብቻ ነው። 20 ሴቶች ሁለት ግማሽ ቀን ቦይ ቢከፍቱ 20 የሥራ ቀን ነው። በከተማችን የቀን ሠራተኛ ዋጋ ሲባዛ ብዙ ጊዜ ካዋጣነው ብር ይበልጣል። ይህን አለመጻፍ ድርሻችንን አሳንሶ ማቅረብ ነው። ማዘጋጃ ቤት ቱቦ እንዲሰጠን ስንጠይቅም ባዶ እጃችንን እንደሄድን ይቆጠራል።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ወር ስብሰባ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከቁጠባ ደብተራችን ጎን አንድ የጉልበት ደብተር እንክፈት። ቀኑ፣ የሠራችው ሴት የራሷ ስም፣ ያዋለችው ሰዓት፣ የሥራው ቦታና ዓይነት ይሰፍርበታል። ለሠራተኞቹ ቡናና ዳቦ ያዘጋጀች፣ የሌሎችን ሕፃናት የጠበቀችም ከቆፈረችው እኩል ሰዓቷ ይጻፍላታል። ነፍሰ ጡር፣ አራስና በዕድሜ የገፉ እናቶች አይጠየቁም። የቀረች አትቀጣም፤ የቀረችበት ግን ባዶ ሆኖ ይታያል። ደብተሩ ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ እዚያው በቦዩ አጠገብ ይነበባል፣ ሁለት አባላት ይፈርሙበታል፣ በዓመቱ መጨረሻ ኮፒው ከማመልከቻችን ጋር ተያይዞ ለከተማው ይገባል። የደብተሩን ረድፎች አዘጋጅቻለሁ፤ በስብሰባው ላይ የሚጨመር ወይም የሚቀነስ ካለ እናስተካክለዋለን።